ስለ እንቅርትና ስለ ሰውነታችን እሳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። ይህ ተረት እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ራሱ ይመሰክራል። እኛም ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው፤ ያነሣሣንም በአንዲት የክፍላችን ልጅ አያት ላይ የደረሰው ነገር ነው።

እኚህ እናት እዚሁ ወልቂጤ ይኖራሉ። በአንገታቸው ላይ ያለውን እባጭ ብዙ ዘመን በነጠላቸው ሸፍነው ኖሩ። ኋላ ግን እየበሉ ይከሱ ጀመር፤ ቁጭ ብለው ሳሉ ልባቸው ይደልቃል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በክረምት እንኳ ይሞቃቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሐዘን ነው፤ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ነው» አለ። እኛም ሳይንስ ተማርን የምንለው፣ ቤታቸው ቡና እየጠጣን ይህንኑ ስንደግም ከረምን። በመጨረሻ ደማቸው ሲመረመር፣ እባጮቹ ከልክ ያለፈ ሆርሞን የሚያመነጩ ሆነው ተገኙ። ዛሬ ክኒን ይወስዳሉ፤ ይህን እንድንናገርም ፈቅደውልናል።

ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በአንገታችን ፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ሆኖ ይገኛል። ሥራው የሰውነትን እሳት መቈጣጠር ነው ብንል አንሳሳትም፤ ይኸውም የበላነው ምግብ በምን ፍጥነት ሙቀትና ጕልበት እንደሚሆን የሚወስን ሆርሞን ያወጣል። ሆርሞኑ ሲበዛ በእኚህ እናት ላይ እንዳየነው ይሆናል። ሲያንስ ደግሞ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ክብደት ይጨምራል፣ የልብ ምት ይዘገያል፣ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ ይላል።

ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ክብደቱ ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያንሳል! ነገር ግን በደጋና በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ስለሚወስዱት፣ በዚያ የሚበቅለው እህል፣ እንሰትና ጎመን ሁሉ ከእርሱ የደኸየ ይሆናል። ዕጢውም የጎደለውን ለማሟላት ሲታገል ያብጣል፤ ዓመታት ሲያልፉም ጕብ ጕብ ያሉ እባጮች ያበቅላል። ጎመን ራሱ የአዮዲንን ሥራ በጥቂቱ የሚያውክ ነገር አለው፤ በሚገባ ከበሰለና አዮዲን ካልጎደለ ግን አያሰጋም። ስለዚህ ልጆቹ ጎመን ከክትፎ አጠገብ እንዳይቀርብ ከለከሉን እንዳትሉ።

ቀድሞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ገበያው ወደ አፋር ጨው ሲዞር አዮዲኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዟል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። አባቶቻችን በእግር የሄዱትን መንገድ እኛ በባጃጅ እንሄዳለን፤ በውኃም ፈንታ ለስላሳ እንጠጣለን። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ ውፍረትና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የታይሮይድ እባጭ በዝቶ ተገኝቷል። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን የዕጢውን ሕዋሳት እንዲራቡ ይገፋፋቸዋል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም።

እባጭ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ከ100 እባጭ 90 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ነቀርሳ የለበትም። የቀረውን ለመለየት አልትራሳውንድና ቀጭን መርፌ አሉ። አንገትን መተኮስና መብጣት ግን ደም ያፈስሳል፣ ቍስሉም ይመረቅዛል እንጂ ዕጢውን አያድንም።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ሁለት ዓይነት ጨው ገዝተን በመመርመሪያ ጠብታ ፈተንን። የታሸገው ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፤ ከተከፈተ ጆንያ የተሰፈረልን ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። በአንድ ጆንያ ነጋዴውን ሁሉ መውቀስ አይገባም፤ እርጥበትና ፀሐይም አዮዲኑን ያባክናሉና። ጨው በቤት ውስጥ ተከድኖ ቢቀመጥ፣ ወጡም ከበሰለ በኋላ ቢጨመር ይሻላል።

በጥሪው ወረቀት ላይ ከየቤታችሁ ቁንጥር ጨው ቋጥራችሁ እንድትመጡ ለምነናችሁ ነበር። መመርመሪያው ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል፤ ከቡታጅራ ድረስ የመጣችሁ ወላጆች መኪና እንዳያመልጣችሁ በቅድሚያ ትስተናገዳላችሁ።