በኮሪያ አገር ታላቅና ታናሽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው በኮሪያ ሰዎች መካከል እንግዳ ሆኖ ስለ መኖር ነው። ኮሪያ ሲባል ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የቃኘው ሻለቃ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሰ፤ በቹንቾን ከተማ የቆመላቸውም ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ። ነገር ግን ወታደሩ የሄደው ከነአዛዡ፥ ከነጓደኛውና ከነቋንቋው ነበረ። ተማሪ የሚሄደው ብቻውን ነው።

በኮሪያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ሴኡል የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ከአባቱ ቤት ተሰብስበን ጠየቅነው። እኛ ስለ ባቡሩና ስለ ፎቁ ስንጠይቀው እሱ ስለ ዕድሜ ያወጋን ጀመር።

በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ቶሎ የሚጠያየቁት የተወለዱበትን ዓመት ነው። ነውርም አይደለም፤ ዓመቱ ካልታወቀ አነጋገሩ ያስቸግራልና። እኛ «አንተ» እና «አንቱ» ብለን እንደምንለይ፥ የእነሱም ግሥ መድረሻው እንደ ሰሚው ይለዋወጣል፤ ደረጃው ግን ከእኛ ይበዛል። በአንድ ዓመት የሚበልጥ እንኳ በስሙ ብቻ አይጠራም፤ ወንድ ታላቁን «ህዮንግ» ይለዋል፥ እንደ እኛ «ጋሼ» መሆኑ ነው። ለታላቅ በሁለት እጅ መስጠትን፥ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣትን ልጁ ከእናቱ ቤት ተምሮ ስለ ሄደ አልከበደውም። እንዲያውም አገሬ ነው ብሎ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የልደት ዓመቱን ሲጠይቁት እንደ ልማዱ «1994» አለ። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚዘገይ ማን ይወቅ! በ1999 የተወለዱት ጓደኞቹ የአምስት ዓመት ታላቅ አድርገው አከበሩት፤ እሱም ዝቅ ባለው አነጋገር ይመልስላቸው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ መታወቂያው ሲታይ ታናሻቸው ሆኖ ተገኘ። ማንም አልተናገረውም፤ ዝም አሉ። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለን። ዝምታቸው ምን እንደ ሆነ መለየት ስላልቻለ አብሮ መብላት ተወ፤ ትምህርቱንም ጥሎ ሊመጣ አስቦ ነበር።

መብላቱም ቢሆን ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቀላል አይደለም። ኪምቺ ጎመን ነው ብሎ ቢያነሣ ብዙ ጊዜ የዓሣ ጨው አለበት። (በዓሣ ነገር ሊቃውንቱ ይከራከሩ፤ እናቱ ግን አትፈቅድም።)

ይህን ስንሰማ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው አፈርን። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ በግራ እጃቸው እንጀራ ሲቆርሱ አፋችንን ሸፍነን ሥቀናል እንጂ፥ ነገሩን ማንም አልነገራቸውም። ብቻቸውን መብላት ለምን እንደ ጀመሩ የገባን አሁን ነው።

ልጁን ግን አንድ ታላቅ ተማሪ ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው። እሱም ሁለቱን አቆጣጠር በወረቀት ጽፎ አሳየው። ኮሪያዊው ሣቀ፤ በእነሱም አገር ሕፃን በተወለደ ዕለት አንድ ዓመት ይባል፥ በየአዲሱ ዓመት አንድ ይጨመርለት እንደ ነበር፥ በመንግሥት ሥራ ባብዛኛው በልደት ቀን እንዲቆጠር ያዘዘው ሕግ የጸናውም በሰኔ 2015 ዓ.ም. እንደ ሆነ ነገረው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ታናሽ ሆኖ ይኖራል። በማዕድ ጊዜ ማንኪያ ይደረድራል፥ ውሃ ይቀዳል። ታላቅ ሒሳብ ስለሚከፍል ታናሽነቱ ሳይሻል አልቀረም።

ከክፍላችን አራት ሰዎች ለዚሁ ዕድል ልናመለክት አስበናል፤ ከወላጆቻችን ገሚሱ እሺ፥ ገሚሱ እንቢ ብለዋል። እኛም የልደታችንን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ እየተለማመድን ነው፤ አንዱ ጓደኛችን ስምንት መደመር ሲገባው ቀንሶ የአስተማሪያችን እኩያ ሆኖ ተገኝቷል።