ባልና ሚስት አብረው ካልታከሙ የአባላዘር በሽታ አይነቀልም



በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ስለ ምርትና ስለ ትርፍ ብዙ ይነገራል። ይሁን እንጂ የአምራቹ ጤና ካልተጠበቀ ትርፉ ትርጉም አይኖረውም። ስለሆነም በሐፍረት ምክንያት በግልጽ ስለማይነገርላቸው የአባላዘር በሽታዎች መወያየት ተገቢ ነው።

ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክርና ኤች አይ ቪ በዋነኛነት ልቅ በሆነ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋሉ። በተለምዶ እንደሚባለው በጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት አይመጡም።

ጨብጥ የያዘውን ወንድ ብዙውን ጊዜ ሽንት ያቃጥለዋል፤ መግልም ይወጣዋል። በሴቶች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። የቂጥኝ ቁስልም ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሳይታከም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ቁስሉ ደረቀ ማለት ግን በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ፣ በእርግዝና ጊዜም ፅንስን ሊገድል ይችላል።

አንዳንድ አርሶ አደር ምርቱን ሸጦ ከከተማ ሲመለስ በሽታውን ይዞ ይገባል። በድብቅ ኪኒን ገዝቶ ቃጠሎው ሲተወው ያቋርጣል። ሚስቱ ሳትታከም ስለምትቀር እርሱ ቢድን እንኳ በሽታው መልሶ ይይዘዋል። ጨብጡ ሳይታከም ከቆየ የማህፀኗን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። በመጨረሻም በሽታውን ያመጣው እርሱ ሆኖ ሳለ «መኻን ናት» ተብላ የምትፈታው እርሷ ትሆናለች። ይህ የአረሙን ራስ አጭዶ ሥሩን መተው ነው።

ስለዚህ ማንኛውም አባል፦

1. ለትዳሩ ታማኝ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ዘወትር በኮንዶም ይጠቀም።
2. ምልክት ሲያይ ወይም ሲጠራጠር ከነትዳር ጓደኛው ጤና ጣቢያ ይሂድ።
3. የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላ ሳያካፍል ይጨርስ፤ ሁለቱም ታክመው እስኪድኑ ከግንኙነት ይታቀብ።
4. ነፍሰ ጡር ሚስቱ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ እንድታደርግ ይደግፋት።

ኤች አይ ቪ ቢገኝም ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም።

መሠረታዊ ማኅበራትም የምርት ክፍያ በሚፈጸምበት ወቅት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጋብዘው አባላትን ከነባለቤቶቻቸው ቢያስተምሩ ሥራው ፍሬ ያፈራል።

መልካም በዓል!