የወንድማማች ወረቀት፤ የራስ ካሣ ልጆች መዛግብት አያያዝ
(በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመሐንዲስ የሚጠበቀው ስለ ድልድይና ስለ መሠረት እንዲናገር ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ ወረቀት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ወረቀትም እንደ ግንብ ሸክም አለው፤ እርጥበት ይገባዋል፣ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውን ሳያውቅ የሚያነሣው ሰውም ያፈርሰዋል። ለምሳሌነት የመረጥሁት ቤተሰብ ከላስታ የወጣ ነው።

ራስ ካሣ ኃይሉ ከላስታ ገዥዎች ቤት የተወለዱ መስፍን ነበሩ። ወንድወሰን፣ አበራ፣ አስፋወሰንና አሥራተ የተባሉት አራት ልጆቻቸው ሁሉም በአገር ጉዳይ ገብተዋል፤ ከአራቱም አንዱ እንኳ በአልጋው ላይ አልሞተም። ከማይጨው በኋላ ደጃዝማች ወንድወሰን በላስታ ሆነው ለጠላት አልገዛም ብለው ሲታገሉ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተይዘው በጥይት ተገደሉ። ደጃዝማች አበራ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ በተሰነዘረው የአርበኞች ጥቃት ዋና ተካፋይ ነበሩ። እርሳቸውና ወንድማቸው አስፋወሰን ሕይወታችሁ ይጠበቃል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ከስደት የተመለሱት አሥራተ ደግሞ ራስ ተብለው፣ የኤርትራ እንደራሴ ቀጥሎም የዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ካስረሸናቸው መካከል ሆኑ።

የእነዚህ ወንድማማች ነገር በአንድ ሣጥን የተቀመጠ አይደለም። የገዳዮቻቸው ጦር አዛዥ የግራዚያኒ ወረቀቶች ሮማ በሚገኘው የኢጣልያ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የፍትሕ ሚኒስቴራችንም የጦር ወንጀልን ለማስረዳት የጠላትን ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1949 አሳትሟል። የራስ አሥራተ የሥራ ደብዳቤዎች ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀቶች ናቸው፤ ቦታቸውም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ነው።

ታዲያ እነዚህን ሲሰበስብ ብዙ ሰው የሚያስበው፣ አራት ፋይል ከፍቶ ለእያንዳንዱ ወንድም የራሱን መስጠት ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። ስለ አበራ የተላከ ቴሌግራም የአበራ ወረቀት አይደለም፤ የላከው ሰው ወረቀት ነው። ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቴሌግራሞች ነጥለን ካወጣነው፣ የሕይወት ተስፋ በተሰጠበት ሰዓትና የሞት ትእዛዝ በወጣበት ሰዓት መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ የሚነግረን ቅደም ተከተል ይጠፋል። ክሱም የቆመው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በተገኘበት ተርታ ይቆይ፤ ወንድማማችን አንድ የሚያደርገው ማውጫው ይሁን።

ማውጫውም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። ጥቃቱ ሐምሌ 1928፣ ግድያው ታኅሣሥ 1929 ተብሎ ሲጻፍ፣ ያልተጠነቀቀ አንባቢ አንድ ዓመት ያለፈ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከአምስት ወር ያነሰ ነው። ኢጣልያኖቹ ያንኑ ታኅሣሥ 12 ቀን 21 ዲሴምበር 1936 ብለው፣ አጠገቡ የፋሺስቱን ዘመን 15ኛ ዓመት በሮማ ቁጥር ያክሉበታል። ስለዚህ ቀኑ እንደተጻፈው ይመዝገብ፤ ከጐኑም በሁለቱም አቈጣጠር ይተርጐም። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ለሚቈጥር ጸሐፊ አራቱም ወንድማማች «ካሣ» ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ስማቸው በ«ወሰን» ያልቃል። ከቦታውና ከቀኑ ሳያመሳክሩ ለአንዱ መስጠት አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። የላሊበላ ካህናት በጥላሸት ቀለም በብራና የጻፉት መጽሐፍ በማኅደሩ ተንጠልጥሎ ብዙ መቶ ዓመት ይቈያል። የ1920ዎቹ የቴሌግራም ወረቀት ግን ከእንጨት የተሠራና በውስጡ አሲድ ያለበት ስለሆነ፣ ማንም ሳይነካው ራሱን ይበላል። ስፒሉ ይዝጋል፤ ለጥገና የተለጠፈው ስኮችም ይጠቁርና ፊደሉን ይዞ ይነሣል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ዝናቡን ቢከለክሉም፣ ክብደታቸው ራሱ ሥጋት መሆኑን እናውቃለን። በወረቀትም ላይ መልሶ ሊነሣ የማይችል ጥገና ባይደረግ ይሻላል።

ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በላስታ ደጋ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን መዋዠቅ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ያስገባዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ግን ያዘገየዋል። ወረቀትን ከብርዱ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳዋል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 ካለፈ ሻጋታ ይነሣልና በክረምት መለኪያው በየዕለቱ ይታይ። መደርደሪያው ከውጭው ግድግዳ ይራቅ፤ የታችኛውም እርከን ከወለሉ አንድ ስንዝር ይነሣ፤ ምስጥ የሚገባው ከዚያ ነውና።

ሌላው ቅጂ ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት አንሥቶ ቅጂውን ከአገር ውጭም አኑሯል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ድረስ ሲዘልቅ፣ በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ምን ያህል በክር ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው የቤተሰብ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ፊልም አንሺ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በላስታ ድንጋይ የሚሠራ፣ አራት በአምስት ሜትር የሆነ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚከፈት፣ ኮርኒስና ድርብ በር ያለው የመዝገብ ክፍል ንድፍ በነፃ እናዘጋጅ። ወረቀት ያለው ቤተሰብ፣ ደብር ወይም ወረዳ ሲጠይቅ የሚሰጥ ይሁን። የመጀመሪያውን ንድፍ ይዤ መጥቻለሁና ከንግግሩ በኋላ ተመልክታችሁ እንድታርሙልኝ እለምናለሁ።