ገበሬው በሰኔና በጥር



በየስብሰባው «የገበሬው ችግር የአመለካከት ነው» ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። አመለካከቱን ያጠበበው ምን እንደሆነ ግን አይነገርም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን የማሰብ ችሎታ ፈትኗል። አገዳው ሳይቆረጥ፣ ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ ያመጡት ውጤት ከሽያጭ በኋላ ካመጡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ያው ናቸው። በመካከሉ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ችግሩ ሲቃለል ሐሳባቸው ተፈታ እንጂ።

እኛም ይህንን በሰኔ እናየዋለን። ጎተራው ተሟጧል፣ ዕዳ አለ። የማዳበሪያ ገንዘብ አምጣ የምንለው ግን ያኔ ነው። አራጣ የሚበደረው፣ እህሉን ገና በማሳ ላይ ሳለ የሚሸጠውም ያኔ ነው። ከዚያ «ለነገ አያስብም» እንለዋለን!

እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት፣ በምዕራብ ኬንያ የበቆሎ ገበሬዎች ምርት እንደሰበሰቡ ማዳበሪያ በመደበኛ ዋጋ እንዲገዙና በነፃ እንዲደርሳቸው ሲደረግ ተጠቃሚው ጨመረ። ውጤቱ ዘግይቶ በግማሽ ዋጋ ከማቅረብ አላነሰም።

ስለዚህ መሠረታዊ ማኅበራት በጥር እህል ሲረከቡ፣ ባልና ሚስት ባሉበት፣ «ከሂሳባችሁ ለማዳበሪያ ይቀመጥላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በፈቃድና በደረሰኝ ይሁን። ገንዘቡም ለሌላ ሥራ እንዳይዞር የተለየ ሂሳብ ይከፈትለት፤ አባሉ አንድ ጊዜ ከተጠራጠረ ዳግመኛ አይሰጥም። የሂሳብ ሠራተኞቻችን ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ጉዳዩ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳነት እንዲያዝ እጠይቃለሁ።