ወይን ማሳና ሐይቅ

ከመካነ ሰላም መኪና የሚሳፈር ሰው ብዙ ጊዜ ጉዳይ አለው፤ ሕክምና፣ ገበያ፣ ለቅሶ። አገር ለማየት ብቻ የሚወጣው ጥቂት ነው። ዛሬ ግን እንዲያ ያለ መንገድ ልጠቁማችሁ።

በአቃስታ አድርጎ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዝዋይ። እዚያ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዝርያዎችን አስመጥቶ ተክሏል፤ ጠርሙሱ ገበያ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ማሳውን የከበበውን ሰፊ ቦይ ልብ ብላችሁ እዩት። ለመስኖ እንዳይመስላችሁ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ የተቆፈረ ነው።

ከዚያ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለች፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተወስዳ እዚህ ተሸሽጋ ነበር ይባላል። ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ዛዮች የሚናገሩት ቋንቋ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ አዳምጧቸው።

እናትና አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲያሳድጓችሁ ለራሳቸው መንገድ ጊዜ አላገኙም። ደርሶ መልስ ግን አታድርጉት። ዝዋይ እደሩ፤ ምሳችሁም ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ጥብስ ይሁን።