የማይታይ ድካም፦ ሴቶች ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር



ዛሬ የምናገረው እንደ መምህርት ብቻ ሳይሆን፣ ከዚህ ሕመም ጋር እንደምትኖር ሴትም ነው።

ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ ለይቶ የገለጸው ይህ ሕመም የሚከሰተው የሰውነት መከላከያ ኃይል የነርቭን ልባስ ሲያጠቃ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሥራና ልጅ ማሳደግ በሚደራረቡበት ወቅት ነው።

ልባሱ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት ሲጨምር መልእክት ማስተላለፍ ይሳነዋል። ስለዚህ ምጣድ ፊት ስቆም ዕይታዬ ይደበዝዛል፣ እግሬም ይከዳኛል፤ ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሱልኛል። ሙቀቱ አዲስ ጉዳት እንደማያደርስ ማወቄ ከፍርሃት አድኖኛል። አሁን እንጀራ የምጋግረው ጎሕ ሳይቀድ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገቤ አድርጌ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ድካሙን ማስረዳት ነው። እናቴ እንኳ ለዓመታት ስንፍና መስሏት ነበር። ሕመሙን ከተረዳች ወዲህ ግን ምጣዱን የምታስሰው እሷ ናት።

ነገ ሐኪም፣ ዳኛ ወይም አሠሪ ትሆናላችሁ። «ደክሞኛል» የምትል ሴት ስትገጥማችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቋት።