የልጃችን ጉዞና የማኅበራችን ደብዳቤ

(የማኅበሩ ጸሐፊ ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ትምህርት ልናገር ስነሣ «ይኼ ደግሞ ምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር አልቀየምም። ነገር ግን ጉዳዩ የሰፈራችን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እንደምታውቁት ከሰፈራችን ልጆች አንዷ፣ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች መምህርት፣ አደጋ ወደ ደረሰበት የውጭ አገር በፈቃደኝነት ሄዳ አስተማሪዎችን ለማሠልጠን አስባ ከማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቃለች። ባለፈው ወር ጉዳዩ ሲነሣ አንድ አባታችን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብለው ተረቱ፤ ቤቱም አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አልዋሽም። ዛሬ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ከስብሰባው በኋላ ቤቷ ድረስ ሄጄ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሥራ ጠፍቶ ነው ወይ?» አልኳት። አልተቆጣችም። ቡና አቅርባ ስለ ኔፓል አጫወተችኝ።

ኔፓል በሕንድና በቻይና መካከል ያለች ተራራማ አገር ናት። እንደኛው የራሷ የዘመን አቆጣጠር አላት። ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ለቀኑ ስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰባት። ሕዝቡ ገና ሳይረጋጋ ግንቦት 4 ቀን 7.3 የሆነ ሌላ ተከተለ። ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከ30 ሺህ በላይ የመማሪያ ክፍሎች ፈረሱ ወይም ተጎዱ። ጎርካና ሲንዱፓልቾክ በሚባሉት አካባቢዎች የቆመ ትምህርት ቤት ማግኘት ችግር ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። በዚያን ጊዜ በኔፓል የዕረፍቱ ቀን ቅዳሜ ስለነበረ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በማግስቱ እሑድ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ እነዚያ ክፍሎች ውስጥ ነበሩ። ይህን ስትነግረኝ የኔዎቹን ልጆች አሰብኩና ቡናው አልወርድ አለኝ።

ግንቦት 23 ቀን ትምህርት ተከፈተ። ክፍሉ ከቀርከሃና ከሸራ የተሠራ ጊዜያዊ ዳስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጽሐፍ አልተገለጠም፤ ዘፈን፣ ሥዕልና ጨዋታ ነበር። ምክንያቱም የፈራ ልጅ ፊደል አይገባውም። መሬቱ ደግሞ መንቀጥቀጡን አልተወም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። የዚያ ዳስ አስተማሪ ማን ነው? እሱም ቤቱ የፈረሰበት፣ ዘመድ የቀበረ፣ ሌሊቱን ሸራ ሥር ያደረ ሰው ነው። በማግሥቱ ግን ሌላውን እንዲያጽናና ይጠበቅበታል። የደነገጠን ልጅ እንዴት እንደሚያረጋጋ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ልጆቹን እንዴት እንደሚያወጣ ማን አሳየው? በኔፓልም አጭር ሥልጠና ለአስተማሪዎች የተሰጠው ለዚህ ነው። ልጃችን ለመሄድ ያሰበችው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ልጆቹን ላስተምር ብሄድ አርባ ልጅ አስተምሬ እመለሳለሁ። ሃያ አስተማሪ ባግዝ ግን እያንዳንዱ አርባ ልጅ አለው፤ ስምንት መቶ ይሆናል። እኔ ከተመለስኩም በኋላ እነሱ እዚያው ናቸው» አለችኝ። ሒሳቡ ለኔም ገባኝ።

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማራት ዘማች ጊዜው ሲደርስ ወደ ከተማው ተመለሰ። ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም፤ ዘማቹ ሳይሄድ አንዲት የመንደሩን ልጅ አሠልጥኖ ነበርና። እናቴ እስካሁን የምታመሰግነው ሁለቱንም ነው።

በሌላ በኩል መጥፎውንም ልናገር። ለመርዳት ብሎ የሄደ ሁሉ አይጠቅምም። ከኔፓሉ አደጋ በኋላ የውጭ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው በሕፃናት ማሳደጊያዎች ለጥቂት ጊዜ ያገለግሉ ስለነበር፣ ይህ ልጆችን ከቤተሰብ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን ዩኒሴፍ በዚያው ዓመት አስጠንቅቋል። ልጁ ሰው ይለምዳል፤ ሰውየው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ እርዳታ ሳይሆን ጉብኝት ነው።

አሁን ወደ አባታችን ተረት ልመለስ። የኛስ እያረረ አይደለም ወይ? እውነት ነው፣ እያረረ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተነሣ። እዚህም ንዝረቱ ተሰምቶን በጋቢ ተጠቅልለን ደጅ የወጣንበትን ሌሊት አትረሱትም። ከመካከላችን ልጆቹን ምን ማለት እንዳለበት ያወቀ ነበር ወይ? እኔ አላወቅሁም። ስለዚህ ልጅቷ እዚያ የምትማረው ለኛም ያስፈልገናል።

በመሆኑም ደብዳቤው ቢጻፍላት እላለሁ፤ ነገር ግን እንዲሁ አይደለም።

አንደኛ፣ የምትሄደው የዚያ አገር የትምህርት ቢሮ ፈልጓት እንደሆነ መረጃ ታምጣ።

ሁለተኛ፣ የአገሬውን አስተማሪ ታግዝ እንጂ የእንጀራ ገመዱን እንዳትበጥስ። ቋንቋቸውንም ቢያንስ ሰላምታውን ለምዳ ትሂድ።

ሦስተኛ፣ ለመሄድ ብላ ለማንም ደላላ ገንዘብ አትክፈል።

አራተኛ፣ ስትመለስ ለሰፈራችን አስተማሪዎችና ወላጆች በዚሁ አዳራሽ ያወቀችውን ታካፍል።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጣለን። የምትቃወሙም መጥታችሁ ተናገሩ፤ ቤት ተቀምጦ ማማት አይጠቅምም። ተረት የተረቱትን አባታችንን በተለይ እንዲገኙልን እለምናለሁ፤ ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።



የማኅበሩ ጸሐፊ